«ዙሩ» አለ አስተርጓሚው

በቦሊቪያ ደጋ፣ አየር በሚያጥርበት፣
ድንቹ በውርጭ አድሮ በፀሐይ በሚደርቅበት፣
አንዲት ክፍል ብቻ ባላት ትምህርት ቤት
ስብሰባ ተጠራ።
ለልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ ሽማግሌው ሁሉ
ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ በተራ።
እኔ የውሃ ፓምፕ ልጠግን ነበር የመጣሁት፤
መፍቻዬን ታቅፌ፣ እጄን ዘይት እንደነካው፣ ጥጉን ያዝኩት።

ከከተማ የመጣው ወጣት ሹም፣ ባልታሳር፣
ጫማው አቧራ ያልለመደ፣ ድምፁ ማር፣
ጥቁሩን ሰሌዳ ጠረገ በእጅጌው፤
ረዥም ቀስት ሣለ፣ ጫፉን ወደ መስኮቱ አዞረው።
«አስር ዓመት!» አለ፣ «ወደፊት ተመልከቱ!
ያለፈውን ጣሉት፣ ከኋላችሁ ተዉት፤
ነገ ፊት ለፊት ነው። ንገሩኝ፣ ምን ይታያችኋል?»
በስፓኒሽ ነው ያለው፤
የአያቶቹን አይማራ ከተማው በልቶበታል።

አስተርጓሚው ኤውሴቢዮ አፉን ከፈተና
ዘጋው እንደገና።
እሱ የሚያውቀው ቋንቋ በሌላ በር ይገባል፤
ዓይንና ፊት፣ ፊትና ትናንት፣ ባንድ ቃል ያድራል፤
ያለፈ ነገር ታይቷልና ከፊት ሆኖ ይታያል።
ነገ ግን ጀርባ ነው፤ ማንም አላየውም፣
አንገት ቢጠማዘዝ እዚያ አይደርስም።
«ያለፈውን ወደ ኋላ ጣሉ» ብሎ ቢተረጉመው
ሙታኑን አንሥቶ
ገና ካልተወለደ ሕፃን ጎን ሊያስተኛቸው ነው።
«ወደፊት ተመልከቱ» ቢልስ? እነዚህ ሰዎች
መች ሌላ አይተው ያውቃሉ?
የተሸጠውን ማሳ፣ ማዕድን ጉድጓድ የቀሩትን ልጆች
ቀን ከሌት ያያሉ።

ግንባሩን ጠረገ። አንዲት ቃል መረጠ፦
«ዙሩ።»

ዞሩ።
አግዳሚው ተንቋቋ፤ ባርኔጣ ተጋጨ፤ አርባ ሰው
ጀርባውን ለሹሙ ሰጠው።
የኋላውን ግድግዳ አዩ፤ እርጥበት የላሰው ልስን፣
ጥጉ የተቀደደ ካርታ፣
ምንም ያልተሰቀለበት አንድ ምስማር።
ዝምታ።
ቀስቱ ሰሌዳው ላይ፣ ብቻውን፣ መስኮቱን ያያል።

ያኔ ካሲልዳ፣ ባሏን ጉድጓድ ያስቀረችው፣
የጀርባ ሸክሟን አስተካክላ ተናገረች፤
«እሺ፣ ዞርኩ» አለች፣
«ምንም አይታየኝም። አንተስ አይተኸዋል?
አፋችን ይጠይቅሃል፤
ዓይንህ ያየው ቃል አንድ ጅራት አለው፣
ጆሮህ የሰማው ሌላ ጅራት አለው።
ይህ የነገርከን ነገ
ጅራቱ የትኛው ነው?»

ኤውሴቢዮ ይህን ሲያሻግር ሳቀ።
ሹሙ አልሳቀም፤ ጠመኔው ጣቱ መሃል ደቀቀ።

እኔም ከጥጌ ሆኜ የራሴን አፍ መረመርኩ፣
ቃላቴን እንደ አሮጌ ሳንቲም አገላበጥኩ።
«በፊት» ስል ያለፈ፣ «ወደፊት» ስል ያልመጣ፤
አንድ ፊት ለሁለት ጊዜ! ማን አደባልቆ አመጣ?
«በኋላ እንገናኝ» እላለሁ፣ ቀጠሮው ጀርባዬ ላይ ሆኖ፤
«ኋላ ቀር» እላለሁ፣ ሰው በዚያው ቃል ተኮንኖ፤
«የኋላ ኋላ» እላለሁ፣ እሱ ደግሞ ተስፋ ነው።
አርባ ዓመት ስናገረው
ቃሉ ነበር የሚያዞረኝ፣ እኔ መስሎኝ የማዞረው።

ስብሰባው ተበተነ። ሹሙ ቅጹ ላይ
«ተሳትፎ አናሳ» ብሎ ጻፈ።
መኪናው በአቧራው አለፈ።
ካሲልዳ በእግሯ ወረደች፣
ፊት ለፊቷ መቃብሩ ያለበት ኮረብታ፣ ነፋስ ቀሚሷን እየመታ።
ጀርባዋ ላይ ያ ባለ መስመር ጨርቅ፣
ድንች መስሎኝ የነበረው፣
ተንቀሳቀሰ።
ትንሽ ጡጫ ብቅ አለ፤ የሹሩባዋን ጫፍ ይዞ ሳበ።

አልዞረችም።
እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ቸብ ቸብ አደረገችው፣
እንቅልፉ እስኪመለስ፤
መንገዷንም ቀጠለች፣
ዓይኗ ኮረብታው ላይ፣
ክብደቱ ጀርባዋ ላይ።